በግሪኩ ምን ይላል?

ስለ እኔ ጉድ መስማት የፈለገ ሰው ባለቤቴን ሰብለን ቢጠይቅ ይሻለው ነበር። ችግሩ ሰብለ ሰው ማማት አትወድም፤ ወሬውን ትጀምረውና ጣፋጩ ጋ ስትደርስ «ተዉት እባካችሁ፣ ባሌ ነው» ብላ ታቆማለች። ስለዚህ ሳይሸራረፍ እኔው ራሴ ላውራው።

በመጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። አዳማ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከካንዴላ እስከ ኩሽኔታ፣ ከፍሬን ሸራ እስከ ዝናብ መጥረጊያ፣ ሱቄ ውስጥ የሌለ ዕቃ የለም። ባጃጅ መንዳት ግን አልችልም። አንዴ ሞክሬ የሰው አጥር ጥሼ ግቢ ውስጥ ገብቼ ቆሜያለሁ። ሴትየዋ ልብስ እያሰጡ ነበር፤ አዩኝና «ከገባህ አይቀር ተቀመጥ» አሉኝ። እንግዲህ ሰው የአንድን ነገር ብልት ሁሉ በስም እየጠራ ነገሩን ራሱን ላያውቀው እንደሚችል ከእኔ በላይ ማን ሊገባው ይችል ነበር? አልገባኝም።

ጋሽ ገመቹ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከቁመታቸው የተነሣ በር ሲገቡ ሁልጊዜ እጅ የሚነሡ ይመስላሉ። ለስምንት ዓመት እሑድ እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሙቀቱ ጋብ ሲል፣ ሰብለን ጨምሮ ሰባት ሆነን እሳቸው በረንዳ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ እናጠና ነበር። አጠናናቸው ለየት ያለ ነው። መጀመሪያ አንዲቷን ቁጥር በኦሮምኛ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለራሳቸው ያነቧታል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ለእኛ። ከዚያ ጣታቸውን በገጾቹ መካከል እንዳደረጉ መጽሐፉን ይዘጉና «እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ ማን ነው?» ይላሉ።

ከዚያ ዝምታ ነው። ነፋሱ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ቅጠሉን በረንዳው ላይ እየነዳ ያመጣል። ከአስፋልቱ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፤ እኔም የትኛው ዕቃው እንዳለቀ በልቤ እመረምራለሁ። በመጨረሻ አንዱ ይናገራል። ወይዘሮ ጫልቱ አንድ እሑድ ከመቂው ወንድማቸው ጋር ስድስት ዓመት እንደተኳረፉ ነገሩን፤ ለምን እንደሆነ ግን ምክንያቱ ጠፍቷቸው ነበር። በማግስቱ ተሳፍረው ሄደው ታረቁ። ያን እሑድ ያነበብነው ግማሽ ቁጥር ነው።

በዚህ ዓይነት በስምንት ዓመት የጨረስነው አንድ ወንጌል ተኩል ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ ስሌት ላይ ደህና ነኝ፤ በዚያ አካሄድ ራእይ ላይ የሚደርሰው የልጅ ልጄ ነበር፣ እሱም ዕድሜ ከተሰጠው።

በዚህ ችኮላዬ ላይ ነው አፑ የመጣው። አንድ ደንበኛዬ ኩሽኔታ እስካወጣለት ስልኩ ላይ ሲያነብ አየሁትና ምንድን ነው አልኩት። መጽሐፍ ቅዱስ ነው አለኝ። አሥራ አራት ትርጉም፣ የግሪክና የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት፣ ካርታ፣ የሊቃውንት ማብራሪያ፣ ሁሉም ኪስ ውስጥ። እዚያው ጫነልኝ። ኩሽኔታውን ረስቶት ሄደ፤ እኔም መኖሩን ረሳሁት።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ኑሮ ከበደ። ሰብለ ጨው አቀብለኝ ስትለኝ ጨው በግሪክ ምን እንደሚባል እነግራታለሁ፤ ጨው ግን አላቀብላትም። ስትቆጣኝ፣ ቁጣ በግሪኩ ሁለት ዓይነት መሆኑን አስረዳኋት፤ አንደኛው ድንገት ቦግ የሚል፣ ሁለተኛው ከውስጥ የሚብሰለሰል። እሷም ሁለቱንም በየተራ አሳየችኝ።

አፑ ቀን ሳይዘል ላነበበ ሰው ሜዳሊያ ይሰጣል። የወርቅ ቀለም ያለው ክብ ነገር ብልጭ ይልና ጡሩምባ ይነፋል፤ አንዲት ሴት ደግሞ ለስለስ ባለ ድምፅ «እንኳን ደስ አለህ!» ትላለች። እኔ በተማሪነት ዘመኔ አንድም ቀን ተሸልሜ አላውቅም። በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው ጡሩምባ የተነፋልኝ፤ እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ለሜዳሊያው ስል ንባቡን በድምፅ አድርጌ፣ ፍጥነቱን በእጥፍ ጨምሬ፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ እየደረደርኩ አደምጥ ጀመር። በእጥፍ ፍጥነት ሲነበብ ነቢያቱ ሁሉ መናኸሪያ ላይ ተሳፋሪ የሚጠሩ ይመስላሉ፤ ሕዝቡን ወደ ንስሐ ሳይሆን ወደ አሰላ የሚጣሩ። ብሉይ ኪዳንን በአምስት ሳምንት ጨረስኩ። ምን አነበብክ ብትሉኝ ግን መልሴ «ጨረስኩ» ነው።

አንድ እሑድ ጋሽ ገመቹ ውኃ ልትቀዳ ወደ ጉድጓድ የመጣችውን ሳምራዊት ሴት ታሪክ አነበቡልን። እንደ ልማዳቸው መጽሐፉን ዘጉ። ያን ቀን ግን ማንንም አልጠየቁም፤ ራሳቸው ጀመሩ። እናታቸው ወለንጪቲ አጠገብ ከነበረ አንድ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዱት በቀትር፣ ብቻቸውን እንደነበረ ነገሩን። የሰፈሩ ሴቶች በማለዳ ተጠራርተው ሲሄዱ እናታቸው ለምን አብረው እንደማይሄዱ በልጅነታቸው ይገርማቸው ነበር።

«አንድ ቀን ሳታየኝ ተከትያት ሄድኩ» አሉ። ድምፃቸው ሌላ ሆነ። ወይዘሮ ጫልቱ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

እኔ በዚያች ሰዓት ስልኬ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ።

«ይቅርታ ጋሽ ገመቹ» አልኩ። «በግሪኩ እኮ እዚህ ታሪክ ውስጥ ጉድጓድ የሚለው ሁለት ቃል ነው። አንደኛው ምንጭ ማለት ነው፣ ሌላው በሰው እጅ የተቆፈረ። አማርኛው ሳይለየው አልፏል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ስነግራችሁ ይቀለኝ ነበር። «እንዲህ ነው እንዴ? ደግ ነው፣ ተማርን» አሉና ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፉ። እናታቸውን ተከትለው ሄደው ምን እንዳዩ ሳይነግሩን ቀሩ። እኔ ወደ ቤቴ የተመለስኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። ሰብለ መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኳት።

በየእሑዱ «በግሪኩ እኮ» ማለት ሥራዬ ሆነ። ጋሽ ገመቹም አንድ ቁጥር ባነበቡ ቁጥር ወደ እኔ ዞር ብለው «በግሪኩ ምን ይላል?» ማለት ጀመሩ። በፌዝ እንዳይመስላችሁ፣ ከልባቸው ነው። ተምሬ መጣሁ የሚልን ሰው የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ዓይኔም እየደከመ ነው፣ ከእንግዲህ አንተ ምራን አሉኝ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? ሳላንገራግር ተቀበልኩ።

መራሁ እንጂ ምን አለብኝ። የራሴን ቴሌቪዥን ተሸክሜ በረንዳቸው ላይ ተከልኩና ሐዋርያት የሄዱበትን መንገድ በቀይ መስመር አሳየሁ። በአንድ እሑድ ሦስት ምዕራፍ እናልፋለን። እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ይኑር አይኑር አልጠየቅሁም፤ ጊዜ የለማ። ሰባት የነበርነው አምስት፣ ከዚያም አራት ሆንን። አንዱ ሠርግ አለብኝ ይላል፣ ሌላው ጉንፋን ይዞኛል። በአዳማ ሙቀት ጉንፋን ስድስት እሑድ ሲቆይ መጠርጠር ነበረብኝ። በመጨረሻ ጋሽ ገመቹን ልጃቸው «ዓይንዎ እንዲህ እየሆነ ብቻዎን አይቀመጡም» ብላ ወደምትኖርበት ወደ ደራ ወሰደቻቸው። የሄዱ ዕለት እኔ ስለ ስንብት ሰላምታ ትምህርት እያዘጋጀሁ ስለነበር አልሸኘኋቸውም።

ጥናቱ ወደ እኔ ቤት ዞረ። የቀረነው ወይዘሮ ጫልቱ፣ ሰብለና እኔ ነን። ሰብለ ቤቷ ስለሆነ መሄጃ የላትም።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ወር መቂ ያሉት የወይዘሮ ጫልቱ ወንድም ኦቦ ቱፋ ሚስታቸው አረፉባቸው። ኦቦ ቱፋ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ለቅሶ ልንደርስ ሦስታችን በሚኒባስ ሄድን። እኔ መንገዱን ሙሉ ተዘጋጀሁ። አፑን «ሐዘን» ብዬ ብጠይቀው ጥቅሱን እንደ ተቀደደ ጆንያ ዘረገፈልኝ። እየመረጥኩ በቢጫ አቀለምኩ። መቂ ልንደርስ ስንል ሰብለ፣ ሰውየው ጋ ስትደርስ ዝም ብለህ እጃቸውን ያዝ አለችኝ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ እጄ ግን በስልክ ተይዟል።

ድንኳኑ ሞልቷል። ኦቦ ቱፋ ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ቦት ጫማቸው ላይ የማሳ ጭቃ ደርቋል። ጥቂት እንደቆየን አንድ የአካባቢው ሽማግሌ፣ ከአዳማ የመጣው ወንድማችን የማጽናኛ ቃል ያሰማን አሉ። ተነሣሁ።

«ማጽናናት የሚለው ቃል በግሪኩ» ብዬ ጀመርኩ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። በቢጫ ያቀለምኩትን ገጽ ልከፍት ስል አውራ ጣቴ የማድመጫውን ምልክት ነካው። ስልኩ በእጥፍ ፍጥነት የትውልድ ሐረግ መቁጠር ጀመረ። ወለደ፣ ወለደ፣ ወለደ፣ እሱም ወለደ። ላጠፋው ብዬ ድምፁን ጨመርኩት። ትውልዱ ድንኳኑን ሞልቶ ወጣ፤ ውጭ የቆሙት ሰዎች አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። አንድ አዛውንት ግራ ገብቷቸው «አሜን» አሉ። እንደምንም ብዬ አቆምኩት። ለካ ያቺ ንባብ የቀኑን ድርሻዬን ሞልታ ኖሯል። ጡሩምባው ተነፋ።

«እንኳን ደስ አለህ!» አለች ሴትየዋ በለስላሳ ድምፅዋ። «ሦስት መቶ ቀን ሞላህ!»

ሚስታቸውን በትናንትናው ዕለት በቀበሩ ሰው ፊት።

አንድ ሰው እንኳ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ከጭንቅላቴ ውስጥ የሚባል ነገር ፈለግሁ። በአምስት ሳምንት የጨረስኩት ሁሉ የት እንደገባ እንጃ፣ አንዲት ቃል አጣሁ። ቆሜ ቀረሁ። ሰብለ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ወንድሜ፣ ና ተቀመጥ» አሉ ኦቦ ቱፋ። ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ሐዘንተኛው የእኔ አጽናኝ ሆኑ ማለት ነው። ተቀመጥኩ። ብዙ ከቆየን በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ጋሽ ገመቹን ጠየቁኝ፤ ያ ረጅም ሽማግሌ አልመጡም ወይ አሉኝ። ደራ እንደሆኑ፣ ዓይናቸውም እንደደከመ ነገርኳቸው። ኦቦ ቱፋ አባታቸው በሞቱ ጊዜ ጋሽ ገመቹ ከወይዘሮ ጫልቱ ጋር መጥተው እንደነበር አወሱ። እኔም፣ እንዲያ ተዋርጄም ትምህርት አልገባኝ ኖሮ፣ የትኛውን ጥቅስ እንዳነበቡላቸው ጠየቅሁ። እስክሪብቶ ቢኖረኝ እጽፈው ነበር።

ኦቦ ቱፋ የደረቀውን ጭቃ ከቦት ጫማቸው ላይ ፈቀፈቁ።

«ምንም አላነበቡም» አሉ። «ሁለት ቀን አጠገቤ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን የውኃ ተራዬ ደረሰ። የመስኖ ተራ ለቅሶ አያውቅም፣ ካለፈ አለፈ። እሳቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና አብረውኝ ሽንኩርቱን አጠጡ። ከሄዱ በኋላ መጽሐፉን እኔ ራሴ ከፈትኩት።»

ስንመለስ ሚኒባሱ በቆቃ ሲያልፍ ውኃው በቀትር ፀሐይ ያብለጨልጭ ነበር። እኔ የማየው ግን ያቺን በረንዳ ነው። ሰባት ሰው የሚናገር እየጠበቀ ዝም የሚልበት ቦታ ከየት ይገኛል? ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሰጠኝ፣ መቼ ባለቀና በሄድን እያልኩ ሰዓቴን አይ ነበር። ጋሽ ገመቹ ናፈቁኝ አልኩ። ሰብለ ሳትዞር «እሑድ ደራ ሂድ» አለችኝ። «ስልኩን እኔ ጋ ትተኸው ሂድ።»

ያለ ስልክ ሰው ቤት መፈለግ እንዴት እንደሆነ ረስቼው ኖሯል። ደራ ወርጄ በሱቅ ኦሮምኛዬ ጠየቅሁ። የእኔ ኦሮምኛ ዕቃ ለመሸጥ በቂ ነው፤ ፍሬን ሸራ የሚፈልግ ገበሬ ቢመጣ ሸጬለት እሸኘዋለሁ። ሰው ለመፈለግ ግን አልተሠራም። «ረጅም ሽማግሌ» ብዬ ብጠይቅ የደራ ሰው ደግ ነውና ሦስት ረጃጅም ሽማግሌዎች ጋ ወሰዱኝ። ሁለቱ አስቀምጠው ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። በሦስተኛው ግቢ፣ ከግራሩ ሥር፣ ጋሽ ገመቹ ተቀምጠዋል።

ስልክ ጆሯቸው ላይ ይዘዋል። ከስልኩ የሚወጣውን ድምፅ አወቅሁት፤ ያው የእኔው አፕ ነው።

እኔ ንስሐ ልገባ፣ ስልክን ልረግም ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ንግግሬ አፌ ላይ ቀረ። ድምፄን ሲሰሙ ተነሡና አቀፉኝ፤ ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱ። ልጃቸው እንደጫነችላቸው፣ ዓይን እንደሆናቸው፣ በሦስት ወር ውስጥ አዲስ ኪዳንን ሁለት ጊዜ እንዳደመጡ በደስታ ነገሩኝ። «አንተ ቀድመህ ነቅተህ ነው እንጂ እኛ ምን እናውቅ ነበር» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ እውቀት ሰጠዎት?» አልኳቸው።

ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ቃሉን ይሰጠኛል፤ አይሰስትም። ግን እኔን የነካኝ ቦታ ላይ ስቆም፣ እሱ አልፎ ሄዷል። ደግሞ እኔ የለመድኩትን እጠይቃለሁ፣ እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ ማን ነው እላለሁ። ማንም አይመልስልኝም።» ፈገግ አሉ። «የናፈቃችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ያኔ ያቺን እሑድ አነሣሁ። አቋርጬዎት ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እናታቸውን ተከትለው ሄደው ምን እንዳዩ ጠየቅሁ። ለማንም ሳይነግሩት የኖሩት ነገር እንደነበር፣ ያን ቀን ከየት እንደመጣላቸው እንደማያውቁ ነገሩኝ። «አሁን ጉድጓዱ ይታየኛል፣ እሷም ትታየኛለች» አሉ። «ልላችሁ የነበረው ግን ጠፋኝ፣ ልጄ።» አልተቀየሙኝም። የጠፋው ግን ጠፍቷል፤ የትኛውም መዝገበ ቃላት አይመልሰውም።

ከጎናቸው የነበረውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሰጡኝና አንብብልኝ አሉ። ኦሮምኛ አንብቤ አላውቅም። አንዱን አናባቢ ባሳጠርኩና ባስረዘምኩ ቁጥር ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ምድር ማለት የነበረብኝን ለስላሳ ብዬው አለፍኩ። ጋሽ ገመቹ እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። ምን ማለቱ ነው እያልኩ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው እያቆሙ ያስረዱኛል። አንዲት ቁጥር ግማሽ ሰዓት ፈጀችብን። ስታልቅ መጽሐፉን ተቀብለው ዘጉና ጠየቁኝ፤ «እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ ማን ነው?»

ከእኔ በቀር ሰው የለም። ስምንት ዓመት ሌሎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ እንጂ አንድም ቀን መልሼ አላውቅም ነበር። አባቴ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሱቁን ነገ ዘግቼ እሄዳለሁ እያልኩ ሦስት ቀን እንዳሳለፍኩ ነገርኳቸው። በአራተኛው ቀን ሄድኩ፤ አልጋው ባዶውን ተነጥፎ ጠበቀኝ። ይህን ለሰብለም እንኳ በሙሉ ነግሬያት አላውቅም። ጋሽ ገመቹ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና ነፋሱን አብረን ሰማን።

ልጃቸው መጥታ ወደ አዳማ የሚሄደው ሚኒባስ እየሞላ ነው አለችን። ጋሽ ገመቹ ካልሸኘሁህ ብለው ክንዴን ይዘው እስከ አስፋልቱ ወጡ። መቼ እንደምመለስ ጠየቁኝ፤ እሑድ፣ ሌሎቹንም ለምኜ ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው። የኋላው ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። መኪናችን ሲነሣ ዞር ብዬ አየሁ። ሽማግሌው ረጅም እጃቸውን ከፍ አድርገው ያውለበልባሉ። የሚያውለበልቡት ግን ለእኛ አልነበረም፤ በዚያች ደቂቃ ጭነት ይዞ ወደ አሰላ ለሚሄድ አይሱዙ ነበር። እሱ ውስጥ ያለሁ መስሏቸዋል። የአይሱዙው ሾፌር፣ እግዜር ይስጠው፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላምታቸውን መለሰ።

እኔም በበኩሌ እጄን አውጥቼ አውለበለብኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ለመምህሬ» አልኳት።

ዞር ብላ አየቻቸው። «አላዩህም እኮ» አለች።

«አውቃለሁ» አልኩ። እጄን ግን አላወረድኩም።